የወገብ ኤም አር አይ ሲታዘዝልዎ ምን ይጠብቁ?

ወገቤን አመመኝ ሲሉ የማይቀር ምክር አለ፦ «ኤም አር አይ ተነሣና ቁርጡን እወቅ።» ጎረቤት ይለዋል፣ የሥራ ባልደረባ ይለዋል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይለዋል። ምክሩ ከቅንነት ነው። ነገር ግን ኤም አር አይ ብቻውን ቁርጡን አይናገርም። የሚያሳየው የአካልን ቅርጽ ነው። ሕመም ፎቶ ላይ አይወጣም።

የሕመሙን ምንጭ የሚያገኘው ሐኪም ነው። ታሪክዎን ይሰማል፣ እግርዎን ያነሣል፣ በእግር ጣትዎ እጁን እንዲገፉ ያደርጋል፣ የት እንደደነዘዘዎት ይነካካል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ «ይህ የቀኝ እግር ድካም ከየትኛው ነርቭ ነው የመጣው?» ዓይነት ጥያቄ። ኤም አር አይ የሚጠቅመው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሆን ነው። ጥያቄ ሳይኖር የተነሣ ፎቶ ግን ሰውን አስደንግጦ ከመላክ ያለፈ ብዙም አይፈይድም።

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ እስከ ቸርችል ጎዳና፣ ትልቅ የፊልም ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ሰው ሳያዩ አይቀሩም። ይህ ጽሑፍ ያንን ፖስታ ሊይዙ ለተዘጋጁና ይዘውት ለሚጨነቁ ሰዎች ነው።

ራጅ አለኝ፣ ለምን ሌላ ታዘዘ?

ራጅ አጥንትን ያሳያል። ስብራት፣ መጣመም፣ የአጥንት መንሸራተት ይታይበታል። ሲቲ ስካን ደግሞ አጥንትን በስሱ እየቆራረጠ ከራጅ ይበልጥ በዝርዝር ያሳያል። ሁለቱም ጨረር ይጠቀማሉ።

ኤም አር አይ የሚለየው ለስላሳውን ክፍል በማሳየቱ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉትን ዲስኮች፣ ሕብለ ሰረሰሩን፣ ከእሱ የሚወጡትን ነርቮች፣ ጅማቱን፣ የአጥንቱን መቅኔ ሳይቀር ያያል። ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ሲኖር ተጠርጣሪው ነርቭ ነው። ነርቭ ደግሞ ራጅ ላይ አይታይም።

ወገብ ላይ ያሉት አከርካሪዎች 5 ናቸው። ሪፖርት ላይ ኤል 1 እስከ ኤል 5 እየተባሉ ይጻፋሉ። ከእነሱ በታች ያለው ኤስ 1 ይባላል። ብዙውን ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ከታች ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፦ በኤል 4 እና ኤል 5 መካከል፣ እንዲሁም በኤል 5 እና ኤስ 1 መካከል። የሰውነት ክብደትና እንቅስቃሴ በብዛት የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

ማሽኑ ምን ያደርጋል? ጨረር አለው?

እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። ማግኔቱ እነዚህን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ባንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል። ከዚያ የሬዲዮ ሞገድ ይላክና ሰልፋቸው ይዛነፋል። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደካማ ምልክት ያወጣሉ። ኮምፒውተሩ ያንን ምልክት ለቅሞ ፎቶ ይሠራል። ዘዴውን ለሕክምና ያበቁት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የማግኔቱ ጉልበት የሚለካው በቴስላ ነው። 1.5 ቴስላ የሆነ ማሽን ከመሬት የማግኔት ጉልበት ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ማግኔቱ ሁልጊዜ በሥራ ላይ ነው። ማሽኑ ዝም ቢልም፣ ፎቶ ባይነሣም፣ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ አይጠፋም። በእነዚህ ጠንካራ ማሽኖች ውስጥ ያለው ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ከውጭ ሳይመጣም በውስጡ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ «መብራት የለም፣ ልግባ» አይባልም።

የግድ ያስፈልገኛል?

ብዙ ጊዜ፣ ወዲያው አያስፈልግም። ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ሐኪም «ማስታገሻ ውሰድ፣ ተኝተህ አትዋል፣ እየተንቀሳቀስክ ቆይና ተመለስ» ሲል ችላ እያለዎት አይደለም። ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ያለ ምልክት ቸኩሎ መነሣት ሕመሙን አያሳጥርም፤ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዴም የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ድረስ ይወስዳል።

በተቃራኒው ቶሎ እንዲታይ የሚያደርጉ ምልክቶች አሉ። ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም። ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ሰው ሕመም። እየባሰ የሚሄድ የእግር ድካም። ተኝተውም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም። እንዲሁም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት አብረውት ሲኖሩ።

ስለ መጨረሻው ትንሽ ልበል። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪን እንደሚያጠቃ ብዙ ሰው አያውቅም። ሳል ላይኖር ይችላል። ጀርባው ቀስ እያለ ያማል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ዲስኩና አጥንቱ እየተበሉ ይሄዳሉ። ኤም አር አይ ይህንን ገና ሳይጎብጥ ያሳያል፤ በሽታውም ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ይዞ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸትና መጎተት ግን የተዳከመውን አጥንት ሊሰብረው፣ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጎዳው ይችላል። እባክዎ፣ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ከቀጠሮው በፊት ምን ልጠይቅ?

የሐኪሙን ማዘዣ ይያዙ። ማዘዣው ላይ «ወገብ» ብቻ ሳይሆን ምን እንደተጠረጠረ መጻፉን ይዩ፤ ፎቶውን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት የሚመራው በዚያ ነው። የቆየ ራጅ፣ ሲቲ ወይም ኤም አር አይ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ከዚህ በፊት ወገብዎን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ የት ቦታ እንደሆነ ይንገሩ።

ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ነውር የለውም። መርፌ ቢያስፈልግ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል? ፊልም ብቻ ነው ወይስ ሲዲም ይሰጣሉ? የማሽኑ ጉልበት ስንት ቴስላ ነው? ጎኑ ክፍት የሆነ ማሽን መጨናነቅ ለሚከብዳቸው ይመቻል፤ ግን ብዙዎቹ ጉልበታቸው ዝቅተኛ ነው፣ ፎቶውም ያን ያህል ላይጠራ ይችላል። ለእርስዎ ጥያቄ ይበቃ እንደሆነ ያዘዘዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

ጾም አያስፈልግም። የማስተኛ መድኃኒት የሚሰጥዎ ከሆነ ብቻ ይነግሩዎታል።

ብረት ያሉት ምኑን ነው?

ማግኔቱ ብረት ስለሚስብ፣ ከመግባትዎ በፊት በሰውነትዎ ላይ ወይም ውስጥ ብረት መኖሩን የሚጠይቅ ረጅም መጠይቅ ይሰጥዎታል። ሰው እንደ ወረፋ ማስፈጸሚያ ወረቀት አይቶ «የለም፣ የለም፣ የለም» ብሎ ያልፈዋል። እባክዎ አያድርጉት። ከሁሉ በላይ የሚያድነው ወረቀት ይሄ ነው።

የልብ ምት ማስተካከያ ባትሪ፣ በጆሮ ውስጥ የተቀበረ የመስሚያ መሣሪያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ ካለዎት መግባትዎ ከመወሰኑ በፊት የመሣሪያው ዓይነት መታወቅ አለበት። አንዳንዱ ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይሆንም። ጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም፤ ዓመታት ቢያልፉም ይናገሩ። ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ብረት ሲቆርጡ፣ ሲበይዱ የኖሩ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ውስጥ ሳያውቁት ብናኝ ብረት ሊኖር ይችላል። ማግኔቱ ያንን ብናኝ ቢያንቀሳቅሰው ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ ባለሙያው በቅድሚያ የዓይን ራጅ ሊያዝ ይችላል።

ለአጥንት ስብራት የገባ ብረት፣ የጥርስ ሙሌትና ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ አይከለክሉም። ቢሆንም ይናገሩ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩም እንዲሁ።

ከዚያ የሚወልቀው ይወልቃል። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ የባንክ ካርድ፣ ሰዓት፣ የፀጉር ጌጥና መርፌ ቁልፍ፣ ሽቦ ያለው ጡት መያዣ፣ የሚወልቅ ጥርስ። ዊግ ወይም ሂውማን ሄር ካደረጉ ሥሩ ክሊፕ ሊኖረው እንደሚችል ያስታውሱ። የአንገት ማተብ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል። ክሩ ጥጥ ወይም ሐር ከሆነ ራሱ ችግር የለውም፤ የሚወጣው የተንጠለጠለው የብረት ወይም የብር መስቀል ነው። በብረት የተለበጠ ክታብም እንዲሁ። ማንም የማያስበው ደግሞ ነጠላ ነው። ጥበቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ካለ፣ ክሩ ውስጥ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ማሽኑ ውስጥ ሊግል ይችላል። ክፍሉ ይበርዳል ብለው ተከናንበው አይግቡ፤ ብርድ ልብስ ይጠይቁ።

ለአስታማሚም አንድ ቃል። እናትን ወይም አባትን ደግፎ አልጋው ድረስ ማድረስ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው። ነገር ግን የሚደግፈውም ሰው እንደ ታካሚው መጠየቅና መፈተሽ አለበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሰው ባለቤቱን ከኤም አር አይ አልጋ ላይ ለማንሣት ሲገባ፣ አንገቱ ላይ ያደረገው ለስፖርት የሚጠቀምበት 9 ኪሎ የሚጠጋ ሰንሰለት በማግኔቱ ተስቦ ሕይወቱ አልፏል። ባለሙያው «ይምጡ» ሳይል በሩን ማለፍ የለም። ዊልቸሩም፣ ክራንቹም፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩም እዚያው ይቆማል።

ውስጥ ስገባ ምን ይሰማኛል?

አያምም። የሚከብደው ሳይንቀሳቀሱ መተኛቱ ነው፣ ያውም ወገብ እያመመ። ያለ መርፌ የሚነሣ የወገብ ፎቶ እንደ ማሽኑ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ሐኪምዎ ማስታገሻ ካዘዘልዎ ከመግባትዎ በፊት በሰዓቱ ይውሰዱት። ሽንት ቤት ይሂዱ። አልጋው ላይ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ወገብን በጣም ያሳርፋል።

የማሽኑ ክብ ቀዳዳ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጠባብ ነው። ወገብ ሲነሣ አንዳንድ ቦታ በእግር በኩል ያስገባሉ፣ ያኔ ጭንቅላትዎ ወደ መውጫው ይቀርባል። የተዘጋ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። ዓይንዎን አልጋው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይጨፍኑና እስኪወጡ አይክፈቱ። ጸሎት የሚጸልዩ፣ ዱዓ የሚያደርጉ፣ ቁጥር የሚቆጥሩ አሉ፤ ሁሉም ይሠራል፣ ከንፈር ብቻ እንጂ ወገብ እስካልተነቃነቀ ድረስ።

ጆሮ መድፈኛ ይሰጥዎታል። ይቀበሉት፣ በደንብም ያስገቡት። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ይደበድባል፣ ያጓራል፤ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ተበላሽቶ አይደለም። ውስጡ ያሉ ጥቅል ሽቦዎች በማግኔቱ መሐል በፍጥነት ሲበሩና ሲጠፉ ስለሚርገበገቡ ነው። ድምፁ ቆሞ ጸጥ ሲል «አለቀ» ብለው አይነሡ። ፎቶው የሚነሣው በየተራ ነው፣ አንዱ ተራ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ማሳል ወይም መዋጥ ካስፈለገዎት በጸጥታው መሐል ያድርጉት። በተራው ውስጥ ከተንቀሳቀሱ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ከመጀመሪያውም ይደገማል።

እጅዎን ሆድዎ ላይ አያጣምሩ፣ እግርዎንም አያነባብሩ ይሉዎታል። ሥነ ሥርዓት ለማስከበር አይደለም፤ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ በዚያ በኩል ሙቀት ሊፈጠር ስለሚችል ነው። ሞቅ ማለት የተለመደ ነው። የሚያቃጥል ነገር ከተሰማዎ ግን በእጅዎ የሚሰጥዎትን ኳስ ይጫኑ። ባለሙያው በመስታወት ያይዎታል፣ በድምፅም ያናግርዎታል። ኳሱን መጫን አያሳፍርም።

መርፌው ለምንድን ነው?

ለተራ የዲስክ ችግር አያስፈልግም። ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሲጠረጠር፣ ወይም ቀድሞ የተሠራ ወገብ ላይ ጠባሳን ከአዲስ ዲስክ ለመለየት ጋዶሊኒየም የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ይናገሩ። ለእርጉዝ በአብዛኛው አይሰጥም። የምታጠባ እናት ግን በዚህ ምክንያት ማጥባት እንድታቋርጥ አትገደድም።

ሪፖርቱ ያስፈራል፤ ምን እያለ ነው?

ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንብበው ባይረዱት አይገርምም። ሰው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይልካል። ዘመድ ይደነግጣል፣ ድንጋጤውን መልሶ ይልካል። ከዚያ በፊት እነዚህን ይወቁ።

ዲሲኬሽን ማለት ዲስኩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀንሷል ማለት ነው። ፊልሙን ብርሃን ላይ ቢያዩት ይለዩታል። በአንደኛው የፎቶ ዓይነት ላይ በነርቮቹ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ውሃ ያለው ዲስክ መሐሉ ነጣ ይላል፤ ውሃው የቀነሰው ጥቁር ይሆናል። ያ ጥቁር ነገር የበሰበሰ አይደለም። «በልጅ» (በእንግሊዝኛ bulge) ማለት ዲስኩ ዙሪያውን በትንሹ ወጣ ብሏል ማለት ነው። ፕሮትሩዥን ሲል ባንድ በኩል ገፋ ብሏል፤ ኤክስትሩዥን ሲል የውስጡ ሥጋ ሽፋኑን አልፎ ወጥቷል። ስቴኖሲስ ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦዩ ጠቧል ማለት ነው። ዲጀነሬቲቭ የሚለው ቃል ደግሞ በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት የመጣ ለውጥን ያመለክታል።

አሁን ዋናው ነገር። ፒያሳ ያለ የድሮ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ እንበል። ግንበኛ ጠርተው ግድግዳውን ሁሉ ቢያስፈትሹ፣ የሠላሳ ዓመት ስንጥቅ ሁሉ ተቆጥሮ ይጻፍልዎታል። ዝናቡ የሚገባው ግን ባንዱ በኩል ነው፣ ምናልባትም ከተጻፉት በየትኛውም አይደለም። ራዲዮሎጂስት ያየውን ሁሉ የመጻፍ ግዴታ አለበት። የትኛው ያማል የሚለው ሌላ ሥራ ነው።

ይህን ማጽናኛ አድርጌ አልጻፍኩትም፤ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 33 ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 3,110 ሰዎችን ፎቶ አይቷል። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው የዲስክ መለወጥ ነበረባቸው። በ50 ዓመት 80 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ። በልጅ የሚባለው ደግሞ በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ50 ዓመት 60 በመቶ ላይ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሕመምተኞች አይደሉም። የ50 ዓመት ሰው ሪፖርቱ ላይ በልጅ ባይኖር ነው ከብዙኃኑ የሚለየው።

ስለዚህ ሐኪሙ ፎቶውን ከእርስዎ ጋር ያዛምዳል። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር ጀርባ እስከ ውጭኛው የእግር ጠርዝ የሚወርድ፣ በጣት ጫፍ መቆምም የሚያቅት ከሆነ የሚጠረጠረው የኤስ 1 ነርቭ ነው። የእግርን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሣት ካቃተ ኤል 5 ይጠረጠራል። ፎቶው በዚያው ጎን፣ በዚያው ነርቭ ላይ የገፋ ዲስክ ካሳየ ጥያቄው ተመለሰ። ቀኝ እግርዎን እያመመዎት ፎቶው በግራ በኩል የገፋ ዲስክ ቢያሳይ ግን ያ ዲስክ ወንጀለኛ አይደለም።

ቢዛመድም ወዲያው ቢላ አይደለም። ሽፋኑን አልፎ የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይሟሽሻል፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይመጠዋል። ትልቅ ሆኖ የሚያስፈራው ኤክስትሩዥን፣ ፕሮትሩዥን ከሚባለው ይልቅ ቶሎ የሚቀንሰውም እሱ ነው። አብዛኛው ሰው በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በጊዜ ይሻለዋል። ቀዶ ሕክምና የሚነሣው ድካሙ ሲጨምር ወይም ሕመሙ ለወራት አልበገር ሲል ነው። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ከፈለጉ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዘው ይሂዱ። ጥሩ ሐኪም ፎቶውን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል።

ቀጠሮ የማይጠበቀው መቼ ነው?

ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ ሳያውቁት ካመለጠ። መቀመጫና ብልት አካባቢ፣ ሲታጠቡ እጅ ሲነካው፣ ከደነዘዘ። ሁለቱም እግሮች በድንገት ከዛሉ። እነዚህ ከሕብለ ሰረሰሩ በታች ያሉት የነርቮች ጥቅል ተጨፍልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። የኤም አር አይ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢሆን እንኳ አይጠብቁት፤ ማታም ቢሆን የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። እዚህ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። የዘገየ ነርቭ ላይመለስ ይችላል።

ስለ ሽንት ሰው ፊት መናገር እናፍራለን፤ «ወገቤን ነው» ብለን ወረፋ እንይዛለን። በር ላይ ለሚቀበልዎ ነርስ የመጀመሪያው ቃልዎ ስለ ሽንቱና ስለ ድንዛዜው ይሁን፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነም ይንገሩ።